ያስገበረውና ያቀናው፦ 9 ቀን ከሜክሲኮ ሲቲ እስከ ኩስኮ

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ጓደኛዬ "አዝቴክ በለው ኢንካ ያው ነው፤ ሁለቱም ወርቅ ነበራቸው፣ ሁለቱንም ስፔን በላቻቸው" ብሎ ደመደመ። እኔ ደግሞ የካርታ ልክፍት አለብኝ። ስልኬን አውጥቼ ሁለቱን የድሮ ግዛቶች፣ የሜክሲኮውን አዝቴክና የፔሩውን ኢንካ፣ ጎን ለጎን አሳየሁት። የአዝቴክ ወደ 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የኢትዮጵያን አንድ አምስተኛ እንኳ በደንብ አይሞላም። የኢንካ፣ ሰፊውን ግምት ከያዝን፣ 2 ሚሊዮን ይጠጋል። ጠባቡን ከያዝን እንኳ 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። "ታዲያ ለምንድን ነው ሁሌ አብረን የምንጠራቸው?" አለኝ። እንጃ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። እሱ አልመጣም፣ እሱ አፍ ብቻ ነው።

(ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀን 1፦ ሜክሲኮ ሲቲ

ከሰዓት ደረስኩ፣ ዶፍ እየወረደ። ጊዜው ሐምሌ ነው። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ልክ እንደ አዲሳባ ክረምት። ከፍታውም ቢሆን 2,240 ሜትር ነው፣ ከአዲሳባ ብዙም አይርቅም።

ሻንጣዬን ጣል አድርጌ ቀጥታ ወደ ሜትሮ ወረድኩ። መስመር 3 ላይ "ኢትዮጵያ" የሚባል ጣቢያ አለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። በ1936 ጣሊያን አገራችንን ስትይዝ ወረራውን አናውቅም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። የኛ ሜክሲኮ አደባባይም የነሱ ኢትዮጵያም የመጡት ከዚያ ወዳጅነት ነው። ዕድሜ ልኬን ታክሲ ውስጥ "ሜክሲኮ ወራጅ አለ!" ስል ኖሬ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ኢትዮጵያ ላይ ወረድኩ። ፎቶ ሳበዛ ጊዜ የጣቢያው ጥበቃ ምን ነካው ብላ አየችኝ። "ኤቲዮፒያ" ብዬ ደረቴን መታ መታ አደረግኩላት። ሳቀች።

ማታ ታኮ አዘዝኩ፣ ከላዩ የተጠበሰ ቁልቋል አለበት። የኛ በለስ ራሱ ነው። እኛ ፍሬውን ነው የምንበላው፣ እነሱ ቅጠሉንም አይምሩትም። ባንዲራቸው ላይ ንስሩ የቆመውም እዚሁ ተክል ላይ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሜሺካዎች (እኛ አዝቴክ የምንላቸው) አገር ለአገር ሲንከራተቱ ኖረው፣ ሐይቅ መሃል ባለች ደሴት ላይ ንስር ቁልቋል ላይ ቆሞ አዩና በ1325 ቴኖችቲትላንን ቆረቆሩ። ደህና ደህናው መሬት ቀድሞ ተይዟል። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚደርሰው ረግረጉ ነው።

ቀን 2፦ ቴምፕሎ ማዮር

ከዋናው አደባባይ ከዞካሎ ጥግ፣ ከካቴድራሉ ኋላ፣ የቴኖችቲትላን ትልቁ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ። በ1978 የመብራት ኃይል ሠራተኞች መሬት ሲቆፍሩ አንድ ክብ ድንጋይ አገኙ። ወርዱ ከ3 ሜትር ይበልጣል፣ ላዩ ላይ እጅና እግሯ የተቆራረጠ ሴት አምላክ፣ ኮዮልሻውኪ፣ ተቀርጻለች። ከዚያ በላዩ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ቤተ መቅደሱ ወጣ።

እኔን የገረመኝ ግን ድንጋይዋ አይደለችም። ሕንጻው እንደ ሽንኩርት ነው። ነገሥታቱ አሮጌውን አያፈርሱም፣ በላዩ አዲስ ያለብሱታል። 7 ጊዜ። ከብረት መተላለፊያው ላይ ጎንበስ ብዬ ወደ መሃሉ ሳይ፣ ከውስጠኛው ንብርብሮች አንዱ፣ በ1390 አካባቢ የነበረው፣ ጫፉ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ የጦርነት አምላካቸው፣ ሌላው የዝናብ አምላካቸው። በዝናቡ አምላክ በር ላይ በጀርባው ጋደም ያለ ሐውልት አለ፣ ቀዩና ሰማያዊው ቀለም እስካሁን አለቀቀም። የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ቢያክል ነው። ያኔ ሜሺካዎች ራሳቸው የሰው ገባር ነበሩ። ጌታቸው አዝካፖትዛልኮ የሚባል ከተማ ነበር፣ ዛሬ የሜክሲኮ ሲቲ አንድ ክፍለ ከተማ ነው።

በ1428 ኢትዝኮአትል የሚባለው ንጉሣቸው ከቴስኮኮና ከትላኮፓን ጋር ተባብሮ ያንን ጌታ ጣለው። ሦስቱ ከተሞች የሚመጣውን ግብር እንዲህ ተካፈሉት ይባላል፦ ለቴኖችቲትላን ሁለት እጅ፣ ለቴስኮኮ ሁለት እጅ፣ ለትላኮፓን አንድ እጅ። ግዛት የምንለው ነገር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ንብርብሮች ከመተላለፊያው ሲታዩ ያስቃሉ፣ አንዱ ካንዱ እየወፈረ ይሄዳል። ቀዳማዊ ሞክቴዙማ (1440–1469) አወፈረው። አሁዊትዞትል (1486–1502) ጦሩን አሁን የጓቴማላ ድንበር ወደሆነው ሾኮኖችኮ ድረስ ሰደደ፣ የካካዎ አገር ነው። የመጨረሻው ቤተ መቅደስ 45 ሜትር ያህል ቁመት እንደነበረው ይገመታል። ከታች የተቀበሩት የመባ ሳጥኖች ውስጥ ከሁለቱም ውቅያኖሶች የመጣ ዛጎልና ኮራል ተገኝቷል። ሐይቅ መሃል ተቀምጦ "ባሕሩም የኔ ነው" ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ዝናቡ መጣ፣ ሮጥኩ።

ቀን 3፦ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም

የፀሐይ ድንጋይ የሚባለው 24 ቶኑ ፊት ሕዝቡ ተሰልፎ ሰልፊ ይነሳል። እኔ ከሱ ይልቅ የቲሶክ ድንጋይ ጋ ነው ያመሸሁት። ትልቅ ክብ ድንጋይ ነው፣ ዙሪያውን 15 ጥንድ ሰዎች ተቀርጸዋል። ሁሉም ላይ አንዱ ሌላውን ፀጉሩን ጨምድዶ ይዞታል። ከየተሸናፊው ጎን የከተማው ምልክት አለ። ዞርኩት፣ ቆጠርኩት፣ 15። እዚያው ሙዚየም ውስጥ የቀዳማዊ ሞክቴዙማ ነው የሚባል የቀደመ ድንጋይ አለ፣ እሱ ላይ 11 ነው። ግዛቱ ሲያድግ በድንጋይ ተመዝግቧል ማለት ነው። ቀልዱ ግን ቲሶክ (1481–1486) ከነገሥታቱ ሁሉ በጦርነት ደካማው ነበር፣ ብዙዎቹን ያስገበሯቸው ከሱ በፊት የነበሩት ናቸው። ጉራ ድንጋይ ላይ ሲጻፍ ዕድሜው ይረዝማል።

ማታ ሆቴል ገብቼ ኮዴክስ ሜንዶዛ የሚባለውን የሥዕል መዝገብ በስልኬ ከፈትኩ (ዋናው ኦክስፎርድ ነው ያለው)። የየአገሩ ግብር ተስሎበታል። የጥጥ ኩታ፣ የጦር ልብስ፣ የወፍ ላባ፣ ካካዎ፣ የደረቀ በርበሬ። አዎ፣ በርበሬያችን ዘሩ ከዚህ ነው። ቁጥሩ በሃያ ነው የሚሄደው። ባንዲራ ከተሳለ 20፣ ላባ የመሰለ ነገር 400፣ ከረጢት 8,000። አንድ ኩታ ላይ አንድ ላባ ካለ 400 ኩታ ታመጣለህ፣ አለቀ። ንግሥናህን አልነካብህም፣ ልጅህ ይውረስህ፣ አምላክህንም አምልክ። ብቻ ግብርህን በጊዜው አስገባ።

ትልቅ ልጓም የሆነባቸው ጭነት ነው። የጭነት ከብት የለም። ተሸካሚው ሰው ነው፣ 23 ኪሎ ያህል ይዞ ቀኑን ይሄዳል፣ እሱም ይበላል። በቆሎ ከሩቅ ብታመጣ ተሸካሚው መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከቅርብ አገር እህል፣ ከሩቅ አገር ላባና ካካዎ፣ ቀላልና ውድ ነገር። በዚህ መዝገብ ውስጥ ሲገላበጡ ያመሹ ዓይኖቼ ካርታውን መልሰው ሲያዩት ሌላ ነገር ሆነባቸው። የአዝቴክ ካርታ የአገር ካርታ አይደለም። የዕዳ ካርታ ነው። አማርኛችን ቃል አለው፣ አስገበረ። እንግሊዝኛው ሁሉንም "ኢምፓየር" ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል።

ቀን 4፦ ትላስካላ

አውቶቡስ፣ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ግድም። ለምን እንደሄድኩ ሹፌሩም አልገባውም፣ ቱሪስት የሚሄደው ቴዎቲዋካን ነው። ቴዎቲዋካን ያምራል ግን የአዝቴክ አይደለም፣ እነሱ ሲመጡ ከተማው ከፈረሰ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። የኔ ጉዳይ ካርታው ላይ ያለው ቀዳዳ ነበር።

ትላስካላ ዙሪያዋን በአዝቴክ ተከባ ሳትገብር የቀረች አገር ናት። ጨው ከለከሏት። ጥጥ ከለከሏት። አልገበረችም። ከምዕራብ በኩልም ፑሬፔቻዎች የአዝቴክን ጦር ደህና አድርገው መትተው መልሰውታል። ታዲያ ካርታ ሠሪዎች ሁሉንም በአንድ ቀለም ሲቀቡት ይቺን ነጠብጣብ ረስተዋት ያልፋሉ። የስፔኑ አዝማች ኮርቴስ በ1519 ሲመጣ ትላስካላዎች መጀመሪያ ተዋጉት፣ ኋላ አብረውት ተሰለፉ። ቴኖችቲትላን ነሐሴ 13 ቀን 1521 ስትወድቅ የከበቧት በአብዛኛው ስፔኖች አልነበሩም፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትላስካላና የገባር ከተሞች ሰዎች ነበሩ። 93 ዓመት ግብር የሰበሰብክበት ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ ማለት ነው።

ዛሬ ከሜክሲኮ ግዛቶች በስፋት ትንሿ ናት። ከተማዋ ጸጥ ያለች፣ ቤቶቿ ቀይ የሸክላ ቀለም። መንግሥት ሕንጻው ግድግዳ ላይ ታሪካቸው ተስሏል። አስጎብኚው ሽማግሌ ስለ "ከሃዲነት" ጠየቅኳቸው፣ በስልክ ተርጓሚ። "ማንን ነው የከዳነው? ጠላታችንን?" አሉኝ። አፈርኩ።

ቀን 5፦ ሊማ

ወደ ፔሩ በረራ 6 ሰዓት። ሊማ ግራጫ ናት፣ ደመናው ጣሪያ ላይ ተኝቷል፣ ዝናብ ግን ጠብ አይልም። ላርኮ ሙዚየም ሄድኩ ለአንድ ነገር ብቻ። ኪፑ።

ኪፑ ማለት ክር ነው። አንድ ወፍራም ክር አግድም ይዘረጋል፣ ከሱ ላይ ቀጫጭኖቹ ይንጠለጠላሉ፣ እንደ ነጠላ ዘርፍ። በነሱ ላይ ቋጠሮ አለ። መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ አንዷን ክር አነበብኩ። ከታች ጫፍ ላይ ያለው ረዘም ያለ ቋጠሮ አንድ ቤት ነው፣ ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመ ቆጥሮ ቁጥሩን ማወቅ ነው። ከፍ ሲል አሥር ቤት፣ ከዚያ መቶ ቤት፣ ነጠላ ነጠላ ቋጠሮዎች። የኔዋ ከታች አራት ዙር፣ መሃል ላይ ሁለት ቋጠሮ፣ ላይ አንድ። 124። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ላማ ይሁን ሰው። ግን አንድ ሒሳብ ያዥ ከ500 ዓመት በፊት ያሰረውን አንብቤ ደስ አለኝ።

አዝቴክ በሃያ፣ ኢንካ በአሥር። ልዩነቱ ግን የሒሳብ ብቻ አይደለም። የአዝቴክ መዝገብ ዕቃ ይቆጥራል። ኢንካ ግን ከሁሉ በፊት ሰው ነው የሚቆጥረው። 10 አባወራ ላይ አንድ አለቃ፣ 100 ላይ አንድ፣ 1,000 ላይ፣ 10,000 ላይ። ኩታ አምጣ አይልህም። ተራህ ሲደርስ መጥተህ ሥራ ይልሃል፣ መንገድ፣ እርሻ፣ ጦር ሜዳ። "ሚታ" ይሉታል፣ ትርጉሙም ተራ ማለት ነው።

ቀን 6፦ ኩስኮ

የኢንካ ዋና ከተማ የነበረችው፣ 3,400 ሜትር ላይ። "እኔ የአዲሳባ ልጅ ነኝ" እያልኩ ስፎክር ከርሜ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ራሴ ሊፈነዳ። 10 ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ሳንባ ያበላሻል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እመቤት ምንም ሳትጠይቀኝ የኮካ ቅጠል ሻይ አመጣችልኝ። ተኛሁ። የዕለቱ ታሪክ ይኸው ነው።

ቀን 7፦ አሁንም ኩስኮ

ተሽሎኛል። የፀሐይ ቤተ መቅደሳቸው ኮሪካንቻ ላይ ስፔኖች ገዳም ሠሩበት። በ1950 መሬት ሲንቀጠቀጥ የገዳሙ ግንብ ተናደ፣ ከሥሩ ያለው የኢንካ ግድግዳ ግን ዝም አለ። ድንጋዮቹ መሃል ጭቃም ኖራም የለም። የመታወቂያ ካርዴን ላስገባ ሞከርኩ (ሁሉም ይሞክራል)፣ እምቢ።

እዚህ ሰው ስለ እድገታቸው ሲያወራ ሦስት ስም ይጠራል፣ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። ፓቻኩቲ በ1438 ኩስኮን ሊወር የመጣውን የቻንካ ጦር መልሶ ነገሠ ይባላል። ልጁ ቱፓክ ዩፓንኪ በ1470 አካባቢ በባሕሩ ዳር የነበረውን ትልቁን የቺሙ መንግሥት ዋጠ፣ ወደ ደቡብም ቺሊ ድረስ ወረደ። የልጅ ልጁ ዋይና ካፓክ ሰሜኑን ያዘ። ከደቡብ ኮሎምቢያ እስከ መሃል ቺሊ 4,000 ኪሎ ሜትር፣ በሦስት ሰው ዕድሜ። (1438ን እንደ ወንጌል አትያዙት፤ ፓቻኩቲ አሠራው በሚባለው የተራራ ከተማ፣ ማቹ ፒቹ፣ የተገኙ አጽሞች በ2021 ሲመረመሩ ቦታው ከ1420 ጀምሮ ሰው እንደነበረበት አሳይተዋል፣ ስለዚህ ፓቻኩቲ ቀደም ብሎ ሳይነሳ አይቀርም።)

እንግዲህ 1428ና 1438። በሺዎች ኪሎ ሜትር ተራርቀው፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ በአሥር ዓመት ልዩነት ተነሱ፣ ሁለቱም መቶ ዓመት ሳይሞላቸው ወደቁ። በዚያው ጊዜ ኢንካ፣ በሰፊው ግምት፣ የአዝቴክን አሥር እጥፍ መሬት ያዘ። ግን ሕዝቡ አሥር እጥፍ አይደለም። ለአዝቴክ 5 እስከ 6 ሚሊዮን ይገምታሉ፣ ለኢንካ 10 እስከ 12 ሚሊዮን። ሁለት እጥፍ ቢሆን ነው። የኢንካ መሬት ግማሹ በረሃና ብርዳም ተራራ ነው። ከተማም ካነሳን፣ 200,000 ሰው ነበረባት የምትባለው ቴኖችቲትላን ኩስኮን ታስንቃለች። ካርታ ላይ ያለው ቀለም ይሄን አይነግርህም።

ለምን ይሄን ያህል ሮጡ? አንዳንድ ታሪክ አጥኚዎች የሚሉት ነገር ደስ ይለኛል። የኢንካ ንጉሥ ሲሞት ሬሳው ደርቆ ይቀመጣል፣ ርስቱንም አይለቅም፣ ዘመዶቹ በስሙ ያስተዳድሩታል። አዲሱ ንጉሥ ዘውድ እንጂ መሬት አይወርስም። መሬት ከፈለገ ወጥቶ ያምጣ። የሞቱት ሲበዙ የቀረው መሬት ሁሉ የሙታን ሆነ። እውነት ከሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሯሩጥ ነገር የለም።

ከሰዓት ሳክሳይዋማን የሚባለው የኢንካ ምሽግ ላይ ወጣሁ፣ ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ አለ። ስለ እሱ ሁሉም ሰው ስለጻፈ እኔ አልጽፍም።

ቀን 8፦ ኦያንታይታምቦ

ዛሬ ማቹ ፒቹ ነበርኩ መባል ነበረበት። አንድ አስጎብኚ ቢሮ ገንዘቤን ከተቀበለ በኋላ የመግቢያ ትኬቱ እንዳለቀ ነገረኝ። ግማሹን መለሱልኝ፣ ግማሹ "የአገልግሎት" ተባለ። ተናደድኩ፣ ጮህኩ፣ በአማርኛም ጨመርኩበት። ከዚያ ኦያንታይታምቦ ቀረሁ፣ አልቆጨኝም።

መንደሩ የኢንካ ጊዜ ነው፣ መንገዱ ዳር ውሃው አሁንም በድንጋይ ቦይ ይወርዳል። ፊት ለፊት ያለው ገደላማ ተራራ ላይ ጎተራዎች ተለጥፈዋል። ወጣሁ፣ እየተነፈስኩ። ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ እህሉ እንዳይነቅዝ። ለምን ገደል ላይ እንደሠሩት አስር ደቂቃ ቆሞ ማየት ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ነፋስ አያጣም። ዋይና ካፓክ አሁን ቦሊቪያ ባለው ኮቻባምባ 2,400 እንዲህ ያለ ጎተራ አሠርቶ፣ ነባሩን ሕዝብ አንስቶ 14,000 ሠራተኛ ከየአገሩ አምጥቶ በቆሎ አስዘርቶበታል። ሚትማቅ ይሏቸዋል። ሰፋሪ ማለት ነው። ደርግን ያየ ሰው "ሰፈራ" ሲባል ሆዱ ባር ባር ይላል፣ እዚያም ሕዝቡ ወድዶ አልነበረም የሄደው። የሚያምጽ አገር ይነቀላል፣ ታማኝ በቦታው ይተከላል።

አዝቴክ አስገበረ ካልኩ፣ የኢንካው አቀና ነው። አገር ማቅናት። ይቺ ቃል ዛሬ እኛ ጋ ስንቱን እንደምታጣላ አውቃለሁ፣ ግን መንገድ፣ ጎተራ፣ ቆጠራና ሰፋሪ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ምን ልበለው። ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሠርተዋል። ሯጮቻቸው እየተቀባበሉ መልእክት በቀን 240 ኪሎ ሜትር ያደርሱ ነበር ይባላል።

ግን ስፋቱም ጣጣ አለው። ዋይና ካፓክ ለዓመታት ሰሜን ኪቶ አካባቢ ነበር የሚኖረው፣ ከኩስኮ ርቆ፣ እዚያው በ1527 ገደማ ሞተ። አንዱ ልጁ ዋስካር ኩስኮን ያዘ፣ ሌላው አታዋልፓ ሰሜኑን ከነጦሩ። ተፋጁ። አታዋልፓ አሸንፎ ገና ሳይደሰት፣ ኅዳር 16 ቀን 1532 ካሃማርካ ላይ 168 ሰው ይዞ የመጣው ስፔናዊው ፒዛሮ ያዘው። አዝቴክን የጣሉት ያልገበሩለትና የገበሩለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ኢንካ የተሰነጠቀው ግን ከቤቱ፣ ከርዝመቱ የተነሳ።

ቀን 9፦ ኬስዋቻካ

ከኩስኮ ወደ ደቡብ 4 ሰዓት ያህል በመኪና፣ አፑሪማክ ወንዝ ላይ ከኢንካ ጊዜ የመጣ የሣር ድልድይ አለ። ርዝመቱ 28 ሜትር ግድም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አራት መንደሮች ተሰብስበው አዲስ ይሠሩታል። ሴቶቹ ሣሩን እየፈተሉ ቀጭን ገመድ ያደርጋሉ፣ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ይዞ ይመጣል። ወንዶቹ ቀጫጭኖቹን እየጎነጎኑ የሰው ጭን የሚያክል ገመድ ያወጡና ከገደል ገደል ይወጥሩታል። የሚቀጣ ንጉሥ የለም፣ ተራው ግን አለ። የኛ ወንፈል ነው ብዬ ለሾፌሩ ላስረዳ ሞክሬ አልቻልኩም።

እኔ ስደርስ አንድ ወር ሆኖታል፣ ሣሩ ገና ደማቅ ቢጫ ነው፣ የጭድ ሽታ አለው። በር ላይ ያሉት እናት ገንዘቡን ተቀበሉኝና ከእግራቸው ሥር ካለው ክምር ሣር ቆንጠር አድርገው በሁለት መዳፋቸው ፈተል ፈተል ሲያደርጉት፣ ሦስት ጊዜ ሳይሞላ ገመድ ሆነ። ለኔም ሰጡኝ። የኔው ተበተነ። ከትከት ብለው ሳቁ።

ትንሽ ራቅ ብሎ ዘመናዊ የብረት ድልድይ አለ፣ መኪናው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ያለፈው ዓመት የሣር ድልድይ የት ሄደ አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ታች ወደ ወንዙ አደረጉ። አዲሱ ሲዘረጋ አሮጌውን ቆርጠው ውሃው ላይ ይለቁታል።

ተሻገርኩ። መሃሉ ላይ ሲወዛወዝ ገመዱን ጨምድጄ እንደ ቲሶክ ቆምኩ። ከዚያ መልሼ ተሻገርኩ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነበር።